ስለ ደንጊ ትኩሳትና በቤታችን ውኃ ውስጥ ስለምታድገው ትንኝ

ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ስሙ ለብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነው። በሽታው ግን ለአገራችን እንግዳ መሆኑ ከቀረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2013 በድሬዳዋ ከተማ ድንገት የተነሣ የትኩሳት ሕመም በጥቂት ወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ። ብዙዎቹ ወባ ነው ብለው ነበር፤ የደም ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር ግን ደንጊ መሆኑ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ የደንጊ ወረርሽኝ በምርመራ ተረጋግጦ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

እንግዲህ የባምቢስና የካዛንችስ ነዋሪ፥ «ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ምን አገናኘን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው። በሽታው በደጋችን ባይራባም፥ በሽተኛው ግን ይመጣብናል። በአውቶቡስ፥ በባቡርና በአውሮፕላን ወደ ምሥራቁ ቆላ ወርዶ የሚመለሰው ነጋዴ፥ ሹፌር፥ ተማሪና ዘመድ ጠያቂ ቁጥሩ ብዙ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመንም በድሬዳዋ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቢያተኩሰው፥ የቤቱ ሰው ስለዚህ በሽታ ያለው ዕውቀት ወይ ያድነዋል፥ ወይ ይጎዳዋል። ይህ ጽሑፍ የቀረበውም ስለዚህ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ደንጊን የሚያመጣው በዐይን የማይታይ፥ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይገኝ ቫይረስ ነው። ከቢጫ ወባ ቫይረስ ጋር ወገናቸው አንድ ነው። የደንጊ ቫይረስ ዐራት ዐይነት አለው። አንድ ሰው በአንደኛው ዐይነት ታሞ ሲድን ያው ዐይነት ዳግመኛ አይዘውም፤ ከሌሎቹ ከሦስቱ ግን የሚጠበቀው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

እጅግ የሚያሳስበው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በሌላ ዐይነት ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ሕመሙ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊከፋበት ይችላል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ሕመም በደም ውስጥ ያስቀረው መከላከያ ለአዲሱ ቫይረስ በትክክል ስለማይገጥም፥ ሊያግደው ሲገባ ወደ ሰውነት ሕዋሳት መግቢያ ሊያመቻችለት ይችላል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ታምሜ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ አልፈራም» ማለት ለደንጊ አይሠራም።

ሐኪሞች በሽታውን ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። በ1780 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ቤንጃሚን ረሽ የተባለው ሐኪም ስለ ሕመሙ ጽፏል፤ ሕዝቡም የመገጣጠሚያውን ሥቃይ አይቶ «አጥንት ሰባሪ» ብሎ ጠርቶታል። በ1906 በአውስትራሊያ ቶማስ ባንክሮፍት የተባለ ሐኪም በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕቲ የምትባለው ትንኝ መሆኗን አመለከተ። ቫይረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት በ1943 ጃፓናውያኑ ሬን ኪሙራና ሱሱሙ ሆታ ናቸው። ደም የሚያፈስሰው ከባዱ ደንጊ በ1950ዎቹ በማኒላና በባንኮክ ሕፃናትን ከፈጀ ወዲህ፥ በሽታው ከከተሞች መስፋፋትና ከሰው መጓጓዝ ጋር ዓለምን እያዳረሰ ሄደ። ለዓለም የጤና ድርጅት የተነገረው የሕሙማን ቁጥር በ2000 ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2024 ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

በአገራችን የታየው

በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ወረርሽኝ በአገራችን ያደረሰው ጥፋት ቀድሞም ይታወቃል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፥ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 የሚሆን ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ሊቃውንትም በምርመራው ተካፍለዋል። ቢጫ ወባ አስተማማኝ ክትባት ስላለው ሊገታ ይችላል።

ደንጊ በ2013 ድሬዳዋን ካጠቃ በኋላ በ2014 በሶማሌ ክልል በጎዴ ከተማ ታየ። በ2023 ደግሞ በአፋር ክልል በሎጊያና በሚሌ ተነሣ። በመካከሉ፥ በ2019፥ ያችው ትንኝ ቺኩንጉንያ የሚባለውን ሌላ የትኩሳትና የመገጣጠሚያ በሽታ በድሬዳዋ ስታሠራጭ ከ40,000 በላይ ሰው ታመመ። አንዲት ከተማ በስድስት ዓመት ውስጥ በአንዲት ትንኝ ሁለት ጊዜ ተመታች ማለት ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ሙቀቱ ትንኟ ቶሎ እንድታድግ ይረዳታል፤ ቫይረሱም በሆዷ ውስጥ ፈጥኖ ይራባል። የቧንቧ ውኃ በየጊዜው ስለሚቋረጥ ደግሞ ሕዝቡ በበርሜል፥ በጀሪካን፥ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ ውኃ ያጠራቅማል። ሰው ለራሱ ሕይወት ያስቀመጠው ውኃ ክዳን ሲያጣ ለጠላቱ መራቢያ ይሆናል።

የትንኟ ጠባይ

ጠላትን ለማሸነፍ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤዴስ ትንሽና ጥቁር ትንኝ ናት፤ እግሮቿ ላይ ነጫጭ ቀለበቶች አሉባት። ከወባ ትንኝ የምትለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ/ የምትናከሰው በቀን ነው። ይልቁንም ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ትበረታለች። ስለዚህ ሌሊት አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ከወባ ቢድንም፥ ቀን በግቢው ወይም በክፍል ውስጥ ሲቀመጥ በደንጊ ትንኝ ሊነከስ ይችላል። ቀን የሚተኙ ሕፃናትና ሕሙማን ግን በቀንም አጎበር ይጠቅማቸዋል።

2ኛ/ የምትኖረው ከሰው ጋር ነው። ረግረግና ጫካ አትፈልግም፤ ከአልጋ ሥር፥ ከመጋረጃ ኋላና ከተሰቀለ ልብስ መካከል ታርፋለች። በክንፏ ሩቅ አትሄድም፤ ዕድሜዋን የምትጨርሰው በተፈለፈለችበት ቤትና በጎረቤቶቹ መካከል ነው። ስለዚህ የነከሰችን ትንኝ ያደገችው በእኛው ወይም በጎረቤታችን ዕቃ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

3ኛ/ እንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ አጠገብ ነው። ይህንም የምታደርገው ውኃው ላይ ሳይሆን ከውኃው ከፍ ብሎ በዕቃው የውስጥ ግድግዳ ላይ በማጣበቅ ነው። እንቁላሉ ውኃው ቢደርቅ እንኳ ብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣ ወይም ዕቃው ሲሞላ ይፈለፈላል። እንግዲህ በርሜልን ደፍቶ መልሶ መሙላት ብቻ በቂ አይደለም፤ ግድግዳው በብሩሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ መፈግፈግ አለበት።

ከእንቁላሉ እጭ፥ ከእጩ ሙሽሬ፥ ከሙሽሬውም ክንፍ ያላት ትንኝ እስክትወጣ በሞቃት አገር ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይፈጃል። ይህ ቁጥር የመከላከያችን ቁልፍ ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ውኃውን የሚደፋና ዕቃውን የሚያጥብ ቤተ ሰብ ትንኟን ክንፍ ሳታወጣ ይቀጫታል።

ትንኟ በሽተኛውን ስትነክስ ቫይረሱን ከደሙ ትወስዳለች፤ ሌላውን ለመበከል ግን ከ8 እስከ 12 ቀን ያህል ያስፈልጋታል። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ታስተላልፋለች። የተነከሰው ሰው ደግሞ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታመማል። በሽታው በመጨባበጥ፥ በትንፋሽ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ በሽተኛውን ማግለል ስሕተት ነው፤ ከትንኝ መጠበቅ ግን ግዴታ ነው። በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ የሕመም ቀናት ቀንም ሌሊትም በአጎበር ውስጥ ቢተኛ ለጎረቤቱ ትልቅ ውለታ ዋለ።

የሕመሙ ምልክቶች

በቫይረሱ ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ወይም በቀላል ሕመም ብቻ ያልፋሉ። የሚታመመው ሰው ግን ድንገት ከፍ ያለ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ራሱን ክፉኛ ያመዋል፤ ከዐይኑ ኋላ ይወጋዋል፤ ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል፤ በገላውም ላይ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ትኩሳቱ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ከዚያ ብዙው ሰው ይድናል፤ ድካሙ ግን ለሳምንታት ሊሰማው ይችላል።

አንባቢ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ የደንጊ አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ የበረታበት ሳይሆን ትኩሳቱ የበረደበት ሰዓት ነው። የቤቱ ሰው «ተመስገን፥ በረደለት» ብሎ በሚያርፍበት ቀንና በማግሥቱ፥ በጥቂት በሽተኞች ላይ የደም ሥሮች ይሳሱና የደም ውኃው ወደ ሆድና ወደ ደረት ይፈስሳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ መድማትም ይከተላል። ስለዚህ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ቢታይ በሽተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

1ኛ/ የበረታ የሆድ ሕመም፤
2ኛ/ የማያቋርጥ ማስመለስ፤
3ኛ/ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፤ በትውከት ወይም በዐይነ ምድር ደም መታየት፤
4ኛ/ የትንፋሽ መፋጠን፤
5ኛ/ ከባድ ድካም፥ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፤
6ኛ/ የቆዳ መገርጣትና የእጅና የእግር መቀዝቀዝ።

ሕፃናት፥ ነፍሰ ጡር ሴቶችና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምልክቱ ሳይጠበቅ ገና ከመጀመሪያው በሐኪም ቢታዩ ይመረጣል።

ለበሽተኛው የሚደረግ እንክብካቤ

ለደንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኀኒት እስካሁን የለም። ቢሆንም በወቅቱ የተደረሰለትና በሚገባ የታየ በሽተኛ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። የእንክብካቤው መሠረት ዕረፍትና ፈሳሽ ነው። የፈላ ቀዝቃዛ ውኃ፥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠበት ውኃ፥ አጥሚት፥ ሾርባና የፍራፍሬ ጭማቂ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። በሽተኛው ሽንቱን በየጊዜው መሽናቱን መከታተልም ፈሳሹ መብቃቱን ለማወቅ ይጠቅማል።

ለትኩሳትና ለሕመም የሚሰጠው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ እርሱም በታዘዘው መጠን። አስፕሪን፥ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም እንዲፈስስ ስለሚያግዙ ደንጊ ለተጠረጠረበት ሰው መስጠት አደገኛ ነው። በከተማችን ራሱን ወይም ወገቡን ያመመው ሰው ከመድኀኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ መዋጥ ወይም በመርፌ መወጋት የተለመደ ነገር ነው። ይህ ልማድ ከቆላ ለተመለሰ ትኩሳተኛ የጥፋት መንገድ ሊሆን ይችላል።

በትኩሳት የተያዘ ሰው ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ወይም «ንዳድ ነው» ተብሎ በግምት መድኀኒት ሊሰጠው አይገባም። ወባና ደንጊ በመጀመሪያው ቀን በምልክት አይለዩም፤ የሚለያቸው የደም ምርመራ ነው። ወባም ካልታከመ ፈጥኖ የሚገድል በሽታ ስለሆነ ምርመራው መዘግየት የለበትም። ስለዚህ ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ ወደ ቆላ ወርዶ የነበረ ሰው ቢያተኩሰው፥ ለሐኪሙ በመጀመሪያ ሊናገረው የሚገባው ቃል የነበረበትን ስፍራና የተመለሰበትን ቀን ነው። ለወባማ ከዚህ እጅግ የራቀ ጉዞም ሊነገር ይገባል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሐኪሙን ከብዙ ድካም፥ በሽተኛውንም ከብዙ ሥቃይ ታድናለች።

ክትባትን በተመለከተ፥ የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 አንድ የደንጊ ክትባት መርምሮ ብቁነቱን አረጋግጧል። ድርጅቱ ክትባቱ እንዲሰጥ የመከረው ግን በሽታው በብዛት በሚተላለፍባቸው አገሮች ለሚኖሩ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ዋነኛው መከላከያ የውኃ ዕቃችን አያያዝ ነው።

አንድ ክዳን፥ ብዙ በሽታ

የውኃ ዕቃን የመክደን ጥቅም በደንጊ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሐር ተገኝታለች። ነባሮቹ የወባ ትንኞች በአብዛኛው በገጠር ኩሬና በረግረግ ሲራቡ፥ ይህችኛይቱ ግን እንደ ኤዴስ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ታድጋለች፤ የዝናቡን ወራትም አትጠብቅም። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው የወባ በሽተኛ 205 ነበር፤ በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። ተመራማሪዎችም ምክንያቱ ይህች ትንኝ መሆኗን አስረድተዋል። እንግዲህ በርሜሉን በሚገባ የከደነ ሰው ለደንጊ፥ ለቺኩንጉንያና ለከተማው ወባ በአንድ ጊዜ በር ዘጋ።

በቤት የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ በታች ያለው ነው።

1ኛ/ በርሜል፥ ሮቶና ገንዳ ቀዳዳ በሌለው ክዳን ይከደኑ፤ ክዳን ከሌለ በወፍራም ጨርቅ ወይም በወንፊት መረብ ተሸፍነው ጠርዛቸው ጥብቅ ብሎ ይታሰር።
2ኛ/ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን፥ ለምሳሌ ቅዳሜ፥ የውኃ ዕቃ ሁሉ ተደፍቶ ግድግዳው ይፈግፈግ።
3ኛ/ አሮጌ ጎማ፥ ባዶ ቆርቆሮና የተሰበረ ዕቃ ከዝናብ ይጠለል ወይም ይወገድ፤ የጣሪያ አሸንዳ ከቅጠል ይጠረግ፤ ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ሳሕን ውኃው ይደፋ።
4ኛ/ ሊደፋ የማይቻል ትልቅ ገንዳ ሲኖር የጤና ባለሙያ ተጠይቆ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ የእጭ መግደያ ይጨመርበት፤ ጋዝ ወይም የማይታወቅ መርዝ በመጠጥ ውኃ ላይ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም።
5ኛ/ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ቀንም ቢሆን እጀ ረጅም ልብስ ይልበስ፤ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ይቀባ።

መርዝ በጭስ መልክ በየመንገዱ መንፋት በወረርሽኝ ጊዜ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የሚገድለው የምትበርረውን ትንኝ ብቻ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ያለው እጭ በሳምንቱ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

የመምህራን ድርሻ

ይህን ትምህርት ከወረቀት ወደ ሕይወት ለማሸጋገር ከመምህር የተሻለ ሰው የለም። ለተማሪዎች የሚሆን ቀላል ትምህርታዊ ሙከራ እንጠቁማለን። በግቢ ውስጥ ከተጠራቀመ ውኃ ጥቂት እጭ በጠርሙስ ይቀዳና አፉ በስስ ጨርቅ በደንብ ይታሰር። ተማሪዎቹ በየቀኑ እያዩ ይመዝግቡ። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትክክል ሆኖ ሲተኛ፥ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እጩ እንደ ነጠላ ሰረዝ የጎበጠ ሙሽሬ ይሆናል። ክንፍ ያላት ትንኝ ከመውጣቷ በፊት ውኃው ፀሐይ በሚመታው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ፤ በደጋው ቅዝቃዜ ዕድገቱ ስለሚዘገይ ለመከታተል በቂ ጊዜ ይገኛል። ይህን በዐይኑ ያየ ልጅ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱን፥ «እማዬ፥ በርሜሉ ክፍት ነው» ማለቱ አይቀርም።

ስለ ባምቢስና ስለ ካዛንችስ

ከተማችን በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለደንጊ ትንኝ አይመቻትም። በሰፈራችን ሌሊት ጆሮ ሥር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሣው ቢምቢ ሌላ ወገን ናት፤ እርሷ የምትራባው በቆሸሸ ውኃ፥ በተደፈነ ቦይና በፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ይህን ማወቅ ከከንቱ ፍርሃት ያድናል።

ነገር ግን የውኃ ፈረቃ በእኛም ሰፈር የታወቀ ነገር ነው። በየግቢው በርሜልና ሮቶ አለ፤ በየጎሚስታው ደጃፍ አሮጌ ጎማ ተከምሯል፤ ግንባታ በሚካሄድበት ስፍራም የሲሚንቶ ማቡኪያ ውኃ ክፍቱን ይውላል። የትንኝ እንቁላል በአሮጌ ጎማ ተጭኖ ከአገር ወደ አገር እንደሚጓዝ በዓለም የታወቀ ነው፤ የአየሩም ጠባይ እየሞቀ ሲሄድ ትናንት ለትንኝ ብርድ የነበረው ከፍታ ነገ እንዲሁ ላይሆን ይችላል። ደግሞም ከእኛ መካከል በድሬዳዋ፥ በአዋሽ፥ በሎጊያ ወይም በጎዴ ልጅ፥ ወንድም ወይም አክስት የሌለው ስንት ነው? እዚህ የተማርነውን በስልክ ወይም በደብዳቤ ለእነርሱ ብናስተላልፍ፥ ጽሑፉ እጅግ ከሚያስፈልግበት ቦታ ደረሰ ማለት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሁሉ በሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ነገር እንዲያደርግ በአክብሮት እንጠይቃለን። አንደኛ፥ የግቢውን የውኃ ዕቃ አንድ በአንድ ተመልክቶ ክፍቱን ይክደን፤ ሁለተኛ፥ ከቆላ የተመለሰ ዘመድ ቢያተኩሰው አስፕሪንና ዲክሎፌናክ እንዳይሰጠው፥ ደሙም በዚያው ቀን እንዲመረመር ለቤተ ሰቡ ያስረዳ።